ብረቱን የማያሞቀው ብርሃን

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የደም ግፊቴን እንድጽፍበት ነው ይህን ደብተር የሰጠችኝ። የዛሬውን ጻፍኩ፣ ደህና ነው። የቀረው ገጽ ባዶውን ሲታየኝ ግን አሳዘነኝ። እኔ እንደሆንኩ ወሬ ካልወጣልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጌዲዮን ደግሞ እራቱን ከበላ በኋላ የእጮኛው የልዕልት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በረንዳ ይወጣል። ሠርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። እናቱ፣ እህቴ፣ ሳትጠግበው ሞተች። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልድረው ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ስጽፈው ደስ አለኝ።

ሁዳዴ ዛሬ ገባ። ሥራ ቦታም አዲስ ሥራ ገባ። እስከ ዛሬ የሌዘር ማሽናችን የሚያጸዳው የፕላስቲክ ወንበር የሚወጣበትን ሞልድ ነበር፤ ጥቁር፣ የዛገ፣ ያረረ ብረት። ጌዲዮን ቴክኒሽያኑ ነው። ብረቱን ሳጥኑ ውስጥ ያስገባዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሌዘሩ ጢዝዝ እያለ ዝገቱን ይገፈዋል። አሁን ግን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የሚገጣጥሙ ሰዎች የባትሪ ማያያዣ አመጡልን፤ ስስ፣ ረጃጅም የአሉሚኒየም ዝርግ። ይሄ ደግሞ ምኑ ዝጎ ነው፣ ያበራል እኮ አልኩት። ሳቀብኝ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፣ ኦክሳይድ ይባላል፣ እሱ ካልተገፈፈ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም አለኝ። የማይታይ ቆዳ በማይታይ ብርሃን ይገፈፋል ማለት ነው። ሌዘሩም እኮ አይታይም። የሚታየው ብረቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚለው ብቻ ነው።

ደግሞ የሚገርመው ብረቱ አይሞቅም። ብርሃኑ የሚመጣው ተቆራርጦ ነው፤ ቁራጩ ከማጠሩ የተነሳ ብረቱ ሙቀት ሳይሰማው ሽፋኑ ብን ይላል። እንደወጣ በእጄ እይዘዋለሁ፣ ከመደርደሪያ እንደወረደ ሳህን ቀዝቃዛ ነው። እኔ ዝርጉን ለጌዲዮን አቀብላለሁ፤ አለሚቱ ደግሞ የወጣውን አይታ ታሽጋለች። ሌዘሩ ያለፈበት ደብዘዝ ይላል፣ የሳተው ያበራል፤ የሳተውን መለየት የእሷ ሥራ ነው። ዛሬ አንዱን ጉንጯ ላይ ለጥፋ «ይሄ ነው እሳት የምትሉት?» ብላ ሆዳችን እስኪያመን አሳቀችን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዝርጎቹ ከሳጥኑ ረዘሙ። በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ማሽኑ አይነሳም፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጌዲዮን ምን ያላደረገው አለ። ባለቤቱ አቶ ተክሌ መጡና ቆመው አዩት። ሰዎቹ ዕቃቸውን ቶሎ ይፈልጋሉ፣ አንተ ብልህ ልጅ ነህ፣ መላ አምጣ ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

መላው ከእኔ ቤት ተገኘ። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች፤ ማግኔት ከተጠጋት በሩ የተዘጋ ይመስላታል። ፍሪጄ ላይ ለጥፌያት የነበረች የሙዝ ቅርጽ ያላት ማግኔት ነበረች። ትናንት ማታ ልውሰዳት ወይ አለኝ፣ ውሰዳት አልኩ። ዛሬ በጥቁር ፕላስተር ታሽጋ ማሽኑ ላይ ተለጥፋለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ የዝርጉ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። አለሚቱ «የብዙወርቅ ሙዝ ፋብሪካውን አዳነች» ስትል ዋለች። እኔም ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ለማሽኑ ተብሎ የመጣው መነጽር አንድ ነው፤ እሱን ጌዲዮን ያደርጋል። ለእኛ ታዟል ተብሏል። እስኪመጣ ብለን እኔና አለሚቱ ከሳሪስ ገበያ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ገዛን። ቀበጥን። ጌዲዮን አየና ይሄ ለዚህ አይሆንም አለ። ለምን ስለው ጥቁሩ ሞልድ ብርሃኑን ይጠጣው ነበር፣ አሉሚኒየም ግን መስተዋት ነው፣ የተረፈውን ይመልሳል አለኝ። ከዚያ «ብቻ ወደ በሩ አትመልከቺ፣ እቴቴ» አለ። የማቀብለው በበሩ አይደል እንዴ? በየት በኩል ላቀብል?

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

አለሚቱን ምች መታት። ምሳ በልታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ተይ ብያት ነበር። ከሰዓት ዓይኔ ላይ ዝንብ አለች ብላ እፍ አርጊልኝ አለችኝ። አየሁት፣ ምንም የለም። «ስዞር አብራኝ ትዞራለች» ትላለች። መጀመሪያ ብልጭ ያለ ነገር አየሁ ብላለች፤ እሱንም ፀሐይዋ ናት አልኳት።

ከሥራ መልስ እማማ ዳሲቱ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ዳሲቱ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ በድሮው ሰፈር የቀሩ ሴትዮ ናቸው፤ ገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት የአባታቸው ማሳ ነበር። አንድም ቀን ሲመረሩ አልሰማሁም። ከአጥራቸው ዳማከሴ ቆርጠው ሰጡኝ። ነገ ለአለሚቱ እጨምቅላታለሁ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ዳማከሴውን ጠጥታለች፣ ግንባሯንም አሽቼላታለሁ። ዝንቧ አልሄደችም። ጌዲዮን ሰማና የት ቆመሽ ነበር፣ የትኛው ዓይንሽ ነው፣ ዝርጉ በየት በኩል ዞሮ ነበር እያለ ጠየቃት። ስለ ምች እንዲህ ሲጠያይቅ ገና ዛሬ አየሁት። ድሮ ምች ስል የሚስቅብኝ ልጅ ነው። አዛኝ ነው፣ እናቱን ነው የመሰለው።

ሻይውን ሳይጠጣ ተወው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሻይ ሰዓት ነው፣ ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት ሳቀብል አንዱ ዝርግ ጎበጥ ያለ ነበር። ላቃናው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጠቅ አለ። ድምፅ ነው ልበል? ነጭ ነገር። አልሞቀኝም። አላመመኝም። አሁን የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጥላ አለች። ለማንም አልነገርኩም።

ምች ነው። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ነው በፀሐይ የመጣሁት። ጾሙም አለ።

ደወሉ ተደወለ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ግፊቴን ተለካሁ፣ ከፍ ብሏል። እሰይ። ግፊት ከሆነ መድኃኒት አለው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አስፈቅጄ ሳሪስ አቦ ሄድኩ፤ ዓመታዊ በዓላቸው ነው። ሰዉ ባሕር ነበር። ጸበል ተረጨሁ፣ ዓይኔንም አሸሁ። ከዚያ ተጋፍቼ ሥዕላቸው ፊት ቆምኩና ማንም ሳያየኝ በነጠላዬ ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። ጻድቁ ከነአንበሶቻቸው፣ ከነነብሮቻቸው አሉ። ፊታቸው ግን የለም። በፊታቸው ቦታ የተፋቀ የመሰለ ግራጫ ነገር ነው ያለው። ሥዕሉ አርጅቷል አልኩ። ግራ ዓይኔን ስገልጥ ፊታቸው ተመለሰ። ደግሜ አልሸፈንኩም።

ሳሪስ ላይ አንዲት የማውቃት ሴት አገኘችኝና ለሠርጉ ጥብቆ የሚለብሱ ሕፃናት አሉሽ ወይ ብላ ስታወራኝ ቆየች። አወራሁ፣ ሳቅሁ። ምን እንዳወራሁ አላውቅም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር መስመሩ ጠማማ ነው። መሐሉ ላይ ወደ ላይ ጎበጥ ይላል። የዘንድሮ አታሚዎች ምን ነካቸው ብዬ ለጌዲዮን አሳየሁት። ደብተሩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ልክ ነሽ እቴቴ፣ ጠማማ ነው» አለና አስቀምጦት በረንዳ ወጣ። ወደ ልዕልት አልደወለም። ባዶውን ቆመ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጌዲዮን መነጽሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ከማሽኑ ጋ አብሮ የመጣውን። እኔን ይከብደኛል፣ ጆሮዬን ያመኛል፣ አንቺ አድርጊው አለ። አንተስ ስለው ለምጄዋለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ አለኝ። አቶ ተክሌ ሲመጡ አውልቄ እንድሰጠው ግን ነገረኝ። ያሳደግኩት ልጅ ምን ያህል እንደሚያስብልኝ። አልፎ አልፎ በሩ ጋ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ሲሠራ አየዋለሁ፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

ልቤ ግን ለምን እንዲህ ይመታል? ግፊቱ ይሆን?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ታክሲው ማረሚያ ቤቱ ጋ ሲደርስ ተጨናንቆ ቆመ። በየቀኑ የማልፈው መንገድ ነው። የስንቅ ፌስታል የያዙ ሴቶች በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ እኔን ታክላለች። ምሳ ዕቃዋን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ እንዳይቀዘቅዝ መሆኑ ነው። ማንን ልትጠይቅ ይሆን? ልጇን? የእህቷን ልጅ?

ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ለጓደኛው በሥራ ላይ ሰው ከተጎዳ ዘንድሮ አይለቁም፣ ኃላፊው ነው የሚጠየቀው ይለዋል። ስለ ሕንፃ ሥራ ነው የሚያወሩት። ስለ እኛ አይደለም። ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፍ ወይስ ልተወው?

የሚኒባሶቹ ሰዎች ዕቃ መለሱ። አለሚቱ ደህና ነው ብላ ካሸገችው ውስጥ መሐሉ ሳይገፈፍ የቀረ ብዙ ተገኘ። አቶ ተክሌ ሁላችንንም ሰብስበው ዝርጉን ፊቷ ላይ አነሱት። ይሄ አይታይሽም፣ ተኝተሽ ነው የምትሠሪው አሏት። አለሚቱ ዝርጉን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። እሷን ሳትቀልድ አይቻት አላውቅም። ከዚያ «ዓይኔ ነው አቶ ተክሌ። ከዚህ ማሽን ነው። ብዙወርቅንም እንደኔው ነው ያደረጋት፣ ጠይቋት» አለች።

ነግሬያት አላውቅም። አይታኝ ኖሯል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጌዲዮን ዝርግ እንደያዘ ወለሉን ያያል። ሙዟ ከጀርባው በፕላስተር ተለጥፋ ትታየኛለች። የእኔ ሙዝ። ታክሲው ቆሞ፣ ሴትዮዋ ምሳ ዕቃዋን አቅፋ፣ ያ ሁሉ መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«እኔን ምች ነው የመታኝ» አልኩ።

አቶ ተክሌ «ይኸው» አሉ። አለሚቱ ሽርጧን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አጣጥፋ ነው እኮ ያስቀመጠችው፤ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

በአለሚቱ ቦታ በላይነሽ የምትባል ሴት አስቀመጡ። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ሁሉን ነገር አፍጥጣ የምታይ። ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ከበሩ ብርድ ይመጣል ብዬ ወንበሯን አዞርኩላት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እናት ነዎት» አለችኝ።

ምሳ አልበላ አለኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ስለ ገብር ኄር ተነበበ። የተሰጠውን መክሊት መሬት ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይ ጋ ሲደርስ ቄሱ እኔን ያዩኝ መሰለኝ። አቀርቅሬ ጨረስኩ።

ከቅዳሴ መልስ እማማ ዳሲቱ ጋ ለዳማከሴ ሄድኩ። በር ላይ በኦሮምኛቸው «ኮቱ፣ ነይ ግቢ» ብለው አስቀመጡኝ፣ ቅጠሉን ግን አልቆረጡም። ለማን ነው አሉኝ። ለእኔ ነው አልኩ። መቼ መታሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ምች ሦስት ቀን ነው ልጄ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ስም አለው። እኔ ስሙን አላውቀውም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

ቅጠል ሳልይዝ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ዘረጋሁና ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ግራዬን ሸፈንኩ። ጎበጠ። ሸፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ሸፈንኩ። የአታሚዎቹ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ አወቅሁ። ካወቅሁ ደግሞ መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ማሽኑን ማን ከፈተው ይባላል። ጌዲዮን። ሠርጉ ደርሷል፣ ጥሪው ተበትኗል። ከሠርጉ በኋላ እናገራለሁ። እስከዚያ የበላይነሽን ወንበር አዞራለሁ። እግዚአብሔር እስከዚያ ይጠብቀን።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

መጋዘን ፕላስተር ላመጣ ገብቼ ከጀርባ የአቶ ተክሌን ድምፅ ሰማሁ። ጌዲዮን ነው አብሯቸው ያለው። መነጽሮቹ እስኪመጡ ማሽኑን እናቁም፣ ካልሆነ ሳጥኑን በቆርቆሮ እናስረዝመው እያለ ይለምናቸዋል። ድምፁ ሕፃን ሆኖ ብርድ ልብስ ሲጎትተኝ የነበረውን ሆነብኝ። አቶ ተክሌ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«እኔ መላ አምጣ አልኩህ እንጂ በሩን አታልለው አልኩህ? ማሽኑን የተረከብከው አንተ። ማግኔቱ ያንተ። ሠርግህን በሰላም ደግስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ማግኔቱ የእሱ አይደለም። የእኔ ነው። እዚያው ካርቶኖቹ መሐል ቆሜ ይህን ብቻ ነው ያሰብኩት። ፕላስተሩን ረስቼው ወጣሁ።

ስለዚህ እሱም ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ? ደብተሩን ካየ ቀን ጀምሮ ይሆን? ወይስ አለሚቱን ከጠየቃት ቀን? እኔ ለእሱ ስል፣ እሱ ለእኔ ሲል፣ ሁለታችንም አንድ ቤት ሽሮ እየበላን ዝም።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

የበላይነሽን ወንበር ሁለቴ አዞርኩ። ሁለቴም መልሳ አዞረችው። ወደዚያ ዞሬ ለሥራው ብርሃን አይበቃኝም ትላለች።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ጌዲዮን በጊዜ መጣ። ልዕልት ጋ ለልብስ መለኪያ ሊሄድ ቀጠሮ ነበረው፣ አልሄደም። ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። ጀርባዬን ሰጥቼው ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«እቴቴ፣ ዳማከሴ አለሽ?»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። አልዞርኩም።

«ምን አርገህ?»

«ምች ሳይመታኝ አይቀርም።»

የተማረ ልጅ ነው። ምች የሚባል በሽታ መጽሐፍ ላይ የለም ብሎ ስንት ጊዜ ተከራክሮኛል። አሁን ያን ቃል ከራሱ አፍ ሰማሁት። ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለአለሚቱ የሰጠሁት፣ ለራሴ የሰጠሁት፣ አቶ ተክሌ ፊት የቆምኩበት ቃል ነው፤ እሱም መጥቶ ከእኔው ተበደረው። የትኛው ዓይንህ ነው አልኩት። ግራ አለኝ። ጠቅ አለ ወይ አልኩት። ዞሬ ሳየው ቀኝ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ያያል፤ ወደ ፊቴ።

«አለሁ?» አልኩት።

«ነጠላሽ አለ» አለ።

መነጽሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የእሱ መነጽር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

«ጌዲ፣ ምች አይደለም» አልኩ። ይህን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠና እናቱ የሞተች ቀን እንዳለቀሰው አለቀሰ። ምድጃው ላይ ጥጄው የነበረው ሽንኩርት አረረ። አላወረድኩትም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዓይን ሐኪም ቤት ዋልን። ጠብታ ጨመሩብንና ዓለሙ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። የዓይናችንን ጀርባ ፎቶ አንስታ አሳየችን። ብርቱካናማ ሜዳ ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ ክብሪት ጫፍ የተቃጠለች ነጥብ። በእኔም አለች፣ በጌዲዮንም አለች። እናትና ልጅ መሆናችንን የሚያሳይ ምልክት ትመስላለች።

በምን ብርሃን ተመታችሁ አለች። ጌዲዮን ወለሉን አየ። እኔ አቶ ተክሌን አሰብኩ፣ የስንቅ ሰልፉን አሰብኩ። ከዚያ የበላይነሽን ትልልቅ ዓይኖች አሰብኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ በሩን፣ ሙዟን፣ አሉሚኒየሙን፣ አለሚቱን። ብረቱ እንኳን ሳይሞቅ እኛን እንዴት ያቃጥለናል አልኳት። ዓይን ራሱ እንደ ማጉያ መነጽር ነው፣ የገባበትን ብርሃን አሰባስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል አለችኝ። ያላመመኝም የዓይን ጀርባ ሕመም ስለማይሰማው ነው አለች።

የተመታሁ ዕለት ብመጣ ኖሮ ዓይኔ ትድን ነበር ወይ አልኳት። ይህን ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ለእርስዎ ብዙ የማደርገው አልነበረኝም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ግን ይሄ ልጅ አይመታም ነበር።»

ጌዲዮን እጄን ያዘኝ። እኔ ነኝ ልይዘው የሚገባኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ማልጄ ገባሁ። በጌዲዮን ቦታ ሌላ ሰው ተተክቶ ማሽኑ ይሠራል። በላይነሽ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋለች። ማንንም አላናገርኩም። ሄጄ ጥቁሩን ፕላስተር በጥፍሬ ላጥኩት። ሙዟ እጄ ላይ ስትወድቅ ማሽኑ ጢዝ ብሎ ቆመ። እንዲህ ቀላል ነበር። ጸጥ ሲል ሁሉም ቀና አሉ።

አቶ ተክሌ እየሮጡ መጡ። ሙዟን አሳየኋቸው። «ይቺ የእኔ ናት። ከእኔ ፍሪጅ ላይ ነው የመጣችው። ምች አልመታኝም፣ ዋሽቻለሁ፤ አለሚቱ ናት እውነቱን የተናገረችው» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አላቆምኩም። በላይነሽ ወንበሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ሸሸች። አቶ ተክሌ ከእንግዲህ እዚህ ሥራ የለሽም አሉኝ። ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ያንኑ ደገምኩት። መጥተን እናያለን፣ ልጁም ይጠየቃል፣ ባለቤቱም ይጠየቃሉ፣ አንቺም ትጠሪያለሽ አሉኝ። መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። አሁን ይህን ስጽፍ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ከዚያ አለሚቱ ቤት ሄድኩ። በሩን አልከፈተችም፣ ከውስጥ ግን ቆማ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ፣ ነጠላ ጫማዋ ከበሩ ሥር ይታያል። የሠራሁትን ሁሉ ለበሩ ነገርኩት። የሐኪሟን ስምም ነገርኩት። ጫማው አልሄደም፣ በሩም አልተከፈተም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጾም ፈታን። ዶሮው አልጣመኝም። ጌዲዮን ለልዕልት ሥራ እንደቆመ ነግሯታል፣ ዓይኑን ግን አልነገራትም። ዛሬውኑ ንገራት አልኩት። ከሠርጉ በኋላ አለኝ። ይህን አባባል ከዚህ በፊት የት እንደሰማሁት ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ሠርጉ ትናንት ሆነ። መጥሪያም አልመጣም፣ ፖሊስም አልመጣም፤ ሙሽሮች ናቸው የመጡት። ልዕልት ነጭ በነጭ ሆና ስትገባ አዳራሹ ተናወጠ። እኔ ፊት ወንበር ላይ የእናት ቦታ ተቀምጫለሁ። በሩን እያየሁ ነው፣ ሰው በገባ ቁጥር ማን ነው እያልኩ። ጎኔ ያለውን ወንበር አንድ ሰው ጎተተው። አለሚቱ ናት። አልጠራኋትም፣ ጥሪው ከድሮው ደርሷት ነበር። ሰላም አላለችኝም። ተቀመጠች ብቻ።

ኬኩ ሲቆረስ ጌዲዮን ወደ ልዕልት ዞረ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ። ገለጠ። እንደገና ጨፈነ፣ ፊቷን እያየ። ከሚዜዎቹ አንዱ አይቶት ሙሽራው ይጠቅሳል ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ፣ በእልልታ ተነሳ። ልዕልት አፍራ ፊቷን በአበባዋ ሸፈነች። ድገም፣ ድገም አሉት። ጌዲዮን ሳቀ፤ ደግሞም ጠቀሰ። ካሜራ የያዘው ልጅ ጠጋ ብሎ እንደገና አስጠቀሰው።

አለሚቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ደህናውን ነው የሚጨፍነው» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

እሷም ግራዋን ጨፈነች፣ እኔም ግራዬን ጨፈንኩ፤ አንድ ላይ አየነው። ኮቱ አለ፣ ክራቫቱ አለ፣ ደረቱ ላይ የሰኩለት አበባ አለ። ፊት የለውም። ከጎኑ ያለችውም ፊት የላትም። በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

«እልል በይ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ።

እልል አልኩ።